ኑግ ምን በደለ? ጠርሙስ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ ሲገመገም

ከባሕር ዳር ተነስታችሁ በአዲስ አበባ መንገድ ወደ ደቡብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ብትጓዙ መራዊ ትደርሳላችሁ። የቆጋ ግድብም እዚያው አካባቢ ነው። በበጋ የመስኖው ቦይ ስንዴ፣ ሽንኩርትና ድንች ያጠጣል። በክረምቱ ዝናብ ከሚበቅሉት መካከል ደግሞ አንዱ ኑግ ነው። ጥቅምት ላይ፣ አደይ አበባ መጠውለግ ስትጀምር፣ የኑግ ማሳ በተራው ቢጫ ይለብሳል። ንቡም ወደዚያ ይጎርፋል።

ቤተሰቦቿ በዚያ አካባቢ ኑግ የሚዘሩ አንዲት ተማሪዬ በቅርቡ አንድ ጠርሙስ ዘይትና አንድ ወረቀት ይዛ ቢሮዬ መጣች። «መምህር፣ ይሄን የቆዳ ቅባት አድርጌ ልሸጠው አስቤያለሁ፤ ጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ አንዴ ይዩልኝ» አለችኝ። ጽሑፉን ከራሷ አላመነጨችውም። ከተለያዩ የቆዳ ዘይቶች ማስታወቂያ እየለቀመች ያቀናበረችው ነው። ልትወጣ ስትል ግን በሩ ላይ ቆም አለችና «እህቴ ወልዳለች፤ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። የሕፃኑ ቆዳ ትንሽ ትንሽ ይላጣል። እስከዚያው ይሄን እንቀባው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ይቺ ሁለተኛዋ ጥያቄ ናት ይሄን ግምገማ ያስጻፈችኝ። ማስታወቂያን «ያው ማስታወቂያ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። የሦስት ሳምንት ሕፃን ላይ ሲደርስ ግን አያስቀልድም። ስለዚህ በተማሪዬ ፈቃድ ጽሑፉን እዚህ አስቀምጬ፣ መስመር በመስመር አብረን እንመርምረው። እንዲህ ይላል፦

«የቆጋ ኑግ ዘይት። 100 በመቶ ተፈጥሯዊ፣ ከኬሚካል ነፃ። በቀዝቃዛ ጭምቅ የተዘጋጀ። ወደ ቆዳ ጠልቆ በመግባት ከውስጥ ያድሳል። ብጉርና ማድያት ያጠፋል። ከፀሐይ ይከላከላል። ለአራስ ሕፃናት ጭምር ተስማሚ። በሳይንስ የተረጋገጠ።»

ተመሳሳይ ጽሑፍ በሌላ ዘይት ጠርሙስ ላይ እንዳነበባችሁ እገምታለሁ። ስሙን ብቻ ቀይሩት፦ ጥቁር አዝሙድ፣ ሽፈራው፣ ጉሎ፣ አርጋን። አንድ ዓይነት ልብስ ለሁሉም የተሰፋ ይመስላል።

መጀመሪያ ለኑግ ፍትሕ

ከመተቸታችን በፊት የኑግን ሐቅ እንናገር። ኑግ የኛው ተክል ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ጊዞቲያ አቢሲኒካ ይባላል። ሁለተኛው ቃል «የሐበሻ» ማለት ነው። በውጭ አገር የቅባት ምርቶች የይዘት ዝርዝር ላይ የሚጻፈውም በዚሁ ስም ነው። ባይገርማችሁ አሜሪካውያን ኑግን በዋናነት የሚያውቁት ለወፎች በሚሰጥ ጥሬነቱ ነው፤ ያውም እንዳይበቅል በሙቀት ታክሞ ነው የሚገባላቸው። ከሱፍ አበባና ከአደይ አበባ ጋር ደግሞ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። (አንድ ነገር እንዳይምታታ፦ ገበያ ላይ «የሱፍ ዘይት» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የሱፍ አበባ፣ ማለትም የፈረንጅ ሱፍ ዘይት ነው። የጥንቱ የሀገራችን ሱፍ ሌላ ተክል ነው።)

የኑግ ዘይት ልዩነቱ ውስጡ ያለው ሊኖሌይክ አሲድ ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢ የበቀለ ኑግ ዘይቱ ውስጥ ካሉት የቅባት አሲዶች አብዛኛውን ጊዜ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ይሄው ነው። የወይራ ዘይት ውስጥ 10 በመቶ አካባቢ ነው ያለው። ለምን ይሄን ያህል ልዩነት? አንዱ ምክንያት የአየሩ ቅዝቃዜ ነው። ፍሬው ሲበስል አየሩ ቀዝቀዝ ካለ ተክሉ ብዙ ሊኖሌይክ አሲድ ይሠራል። ሞቃት ቦታ ላይ ይቀንሳል። ሕንድ ውስጥ የሚበቅለው ኑግ ከኛው ያነሰ ሊኖሌይክ ያለው ለዚህም ጭምር ነው።

ታዲያ ሊኖሌይክ አሲድ ለቆዳ ምኑ ነው? እ.ኤ.አ. በ1929 ጆርጅ በርና ሚልድረድ በር የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አይጦችን ምንም ቅባት በሌለው ምግብ አሳደጉ። አይጦቹ ቆዳቸው ቅርፊት አወጣ፤ ጅራታቸው ቆሰለ፤ ዕድገታቸው ተገታ። በኋላ እንደታየው የጎደላቸው ዋናው ነገር ሊኖሌይክ አሲድ ነበር። ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው አይችልም፤ ከምግብ ማግኘት አለብን።

የቆዳችንን የላይኛውን ሽፋን እንደ ጡብ ግድግዳ አስቡት። የደረቁት ሕዋሳት ጡቦቹ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ቅባት ደግሞ ሲሚንቶው። ከሲሚንቶው ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ሴራማይድ የሚባል ቅባት ነው። ከሴራማይዶቹ አንዳንዶቹ ያለ ሊኖሌይክ አሲድ በትክክል አይሠሩም። ሊኖሌይክ ሲጠፋ ሲሚንቶው ይሳሳል፣ ውሃ ከውስጥ ይተናል፣ ቆዳው ይላጣል። እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመ አንድ ጥናት ይሄን በሰው ላይ አሳይቷል። በሕመም ምክንያት ይህ ቅባት ከሰውነታቸው የጎደለባቸው ሰዎች ቆዳቸው ላይ የሱፍ አበባ ዘይት ሲቀቡ የቆዳቸው ቅርፊት ተሻሻለ።

እንግዲህ «የኑግ ዘይት ለቆዳ ጥሩ ሊሆን ይችላል» የሚለው ሐሳብ ከአየር ላይ የመጣ አይደለም። ጥሩ መነሻ አለው። የኔ ቅሬታ «ሊሆን ይችላል» የሚለው ጠርሙሱ ላይ ሲደርስ «ነው» መሆኑ ነው።

«ከኬሚካል ነፃ»

ይቺኛዋ ቀላል ናት። ሊኖሌይክ አሲድ ራሱ ኬሚካል ነው፦ 18 ካርቦን፣ 32 ሃይድሮጅን፣ 2 ኦክስጅን። ውሃም ኬሚካል ነው። ከኬሚካል ነፃ የሆነ ጠርሙስ ውስጡ ምንም የለውም ማለት ነው፤ እንዲያውም ጠርሙሱም ሊኖር አይችልም!

«ተፈጥሯዊ» የሚለውስ? ሳማ ተፈጥሯዊ ነው፤ ነክታችሁት ታውቃላችሁ። የቁልቋል ወተትም ተፈጥሯዊ ነው፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ግን መዘዙ ከባድ ነው። ተፈጥሯዊነት የአንድን ነገር መነሻ ይነግረናል። ጉዳቱንና ጥቅሙን አይነግረንም። ተማሪዬን «ምን ማለት ፈልገሽ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። «ሽቶና ቀለም አልጨመርኩበትም ለማለት ነው» አለች። በቃ፣ እንደዚያ ብሎ መጻፍ ነው! ይሄ እውነት ነው፣ ይጠቅማልም።

«በቀዝቃዛ ጭምቅ የተዘጋጀ»

«ዘይቱን ማን አወጣው?» አልኳት። «እናቴ።» «እንዴት?» ኑጉ ይታመሳል፣ ይወቀጣል፣ የፈላ ውሃ ተጨምሮበት ይማሰላል፣ ዘይቱ ሲንሳፈፍ ይቀዳል። በየቤቱ ስንት ዘመን ሲሠራበት የኖረ ብልሃት ነው። ነገር ግን ቀዝቃዛም አይደለም፣ ጭምቅም አይደለም! ልጅቷ ለማታለል ብላ አይደለም የጻፈችው። ሌላው ጠርሙስ ላይ ስላየችው ነው።

ልዩነቱ የቃላት ብቻ ቢሆን ባልተከራከርኩ። ግን የኑግ ዘይት ትልቁ ጥንካሬውና ትልቁ ድክመቱ አንድ ቦታ ላይ ናቸው። ሊኖሌይክ አሲድ ሁለት ድርብ ትስስሮች አሉት። በእነዚህ ትስስሮች መካከል ያለችውን ቦታ ኦክስጅን በቀላሉ ያጠቃታል። በዚህ ምክንያት ሊኖሌይክ አሲድ፣ የወይራ ዘይት ውስጥ በብዛት ካለው ኦሌይክ አሲድ አሥር እጥፍ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ በሚሆን ፍጥነት ይበላሻል። ሙቀት፣ ብርሃንና አየር ደግሞ ያጣድፉታል።

ምልክቱን ቤታችሁ ታውቁታላችሁ። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሲሟሽ ላዩ ላይ የሚቀረው ጥቁር፣ ለስላሳ፣ የማይለቅ ሽፋን ምንድን ነው? ቅባቱ በሙቀትና በኦክስጅን እርስ በርሱ ተሳስሮ የፈጠረው አዲስ ነገር ነው። ለምጣዱ እሰየው ነው። የቆየ የዘይት ጠርሙስ አፍ ላይ እጅ ላይ የሚጣበቀውም የዚሁ ሂደት ሌላ መልክ ነው። ፊታችን ግን ምጣድ አይደለም። የተበላሸ ዘይት ውስጥ የሚፈጠሩት ፐሮክሳይዶችና አልዲሃይዶች ቆዳን ሊያስቆጡ ይችላሉ።

የኑግ ዘይት ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኢ ይሄን ብልሽት ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። ለምግብ የሚውሉ፣ በቀዝቃዛ የተጨመቁ ዘይቶች የፐሮክሳይድ መጠናቸው በኪሎግራም ከ15 ሚሊኢኩቫለንት እንዳይበልጥ ዓለም አቀፉ የኮዴክስ ደረጃ ይደነግጋል። በአንድ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ በግማሽ ቀን የሚለካ ነገር ነው። የተማሪዬ ወረቀት ላይ ግን ይሄ ቁጥር የለም። ዘይቱ የወጣበት ቀን የለም። ጠርሙሱም ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ነው። ስለ ጭምቁ የሚነግረን ማስታወቂያ፣ ማወቅ የሚያስፈልገንን ዋናውን ነገር አልነገረንም።

«ወደ ቆዳ ጠልቆ በመግባት ከውስጥ ያድሳል»

ዘይት ጠርሙስ ውስጥ ሲሆን የቅባት አሲዶቹ ብቻቸውን አይደሉም። ሦስት ሦስት ሆነው ትራይግሊሰራይድ የሚባል ትልቅ ሞለኪውል ሠርተዋል። የአንዱ ክብደት ወደ 880 ዳልተን ይጠጋል። የቆዳ ተመራማሪዎች እንደ መመሪያ የሚጠቀሙበት የ500 ዳልተን ልክ አለ፦ ከዚያ በላይ የሆነ ሞለኪውል ጤነኛ ቆዳን አልፎ መግባት በጣም ይከብደዋል። ስለዚህ ዘይቱ አብዛኛው ከላይኛው ሽፋን አያልፍም።

«ታዲያ ከንቱ ነው?» እንዳትሉኝ። የቅባት ሥራ እኮ እዚያው ላይ ነው! ደረቅ ቆዳ ላይ ውሃው እንዳይተን ይከልላል፣ ሻካራውን ያለሰልሳል። ቆዳችን ላይ ያሉ ኢንዛይሞችም ከትራይግሊሰራይዱ የተወሰነ የቅባት አሲድ ይለቃሉ። የግድግዳው ቀዳዳ የሚደፈነው ግድግዳው ላይ ነው፤ መሠረቱ ድረስ መቆፈር አያስፈልግም። «ጠልቆ መግባት» የሚለው ቃል የሚሸጠው ጥልቀት ስለሚያምር ነው።

«ብጉርና ማድያት ያጠፋል»

እዚህ ላይ በጥሞና ተከተሉኝ፤ ከሁሉም የረቀቀችው ስህተት ይቺ ናት። ማስታወቂያዎቹ የሚጠቅሱት እውነተኛ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ የጃፓን ጥናት፣ ሊኖሌይክ አሲድ በአልትራቫዮሌት ጨረር የጠቆረ ቆዳን እንዳነጣ አሳይቷል። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናትም ሊኖሌይክ አሲድ የተቀቡ ብጉር ያለባቸው ሰዎች ላይ፣ በዓይን የማይታዩት የታፈኑ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በአንድ ወር ውስጥ መጠናቸው በሩብ ያህል እንደቀነሰ ዘግቧል።

እሺ፣ ምን ጎደለ? ሦስት ነገር። አንደኛ፣ በሁለቱም የተቀባው ለብቻው የወጣ ሊኖሌይክ አሲድ እንጂ በትራይግሊሰራይድ የታሰረበት ዘይት አይደለም። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ጥናት ቆዳ የጊኒ ፒግ ቆዳ ነው፤ የእናንተ ፊት አይደለም። ሦስተኛ፣ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ መጥበብና መስታወት ፊት የሚያሳቅቃችሁ ብጉር መጥፋት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

«ከኑግ ጋር የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» ይባል የለ? የማስታወቂያ ሳይንስ እንደዚያ ነው። ሞለኪውሉንና ዘይቱን፣ እንስሳውንና ሰውን፣ ኑጉንና የሱፍ አበባውን አንድ ሙቀጫ ውስጥ ከትቶ ይወቅጣል። የሚወጣው ልመት ከምን እንደመጣ አይለይም። የሳይንስ ሥራ ግን ተቃራኒው ነው፦ ለቅሞ መለየት።

ጉዳቱስ? ማድያት ያለባት ሴት ሐኪም ያዘዘላትን ትታ ስድስት ወር ዘይት ብትቀባ፣ ገንዘቧ ብቻ አይደለም የሚባክነው። ከፀሐይ መጠንቀቁንም ትታ ይሆናል። ወደ እሱ እንሂድ።

«ከፀሐይ ይከላከላል»

ከወረቀቱ ላይ «ይሄንን ዛሬውኑ ሰርዢ» ያልኳት ይቺን ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ቆጋ ከዚያ ከፍ ይላል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ለምድር ወገብ ያለንን ቅርበት ጨምሩበት። ጣና ዳር ያለው ነፋሻ አየር ደግሞ ያዘናጋል፤ ሳይሞቃችሁ ትቃጠላላችሁ።

የፀሐይ መከላከያ ቅባት አቅም የሚለካው ዓለም አቀፍ ዘዴ ባለው ሙከራ ነው። በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊግራም ተቀብቶ፣ ቆዳው እስኪቀላ ያለው ልዩነት ይለካል። ያልተለካ ዘይት ላይ «ይከላከላል» ብሎ መጻፍ፣ ያልተፈተሸ ፍሬን ያለው መኪና ላይ ተሳፋሪ እንደመጫን ነው። አልቢኒዝም ያለበት ወንድማችን ወይም እህታችን ይሄን አምኖ ቀኑን ሙሉ ማሳ ላይ ቢውል ዋጋው የቆዳ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌ፣ ጥላና የተለካ የፀሐይ መከላከያ ናቸው የሚያዋጡት።

«ለአራስ ሕፃናት ጭምር ተስማሚ። በሳይንስ የተረጋገጠ»

ወደ እህቷ ልጅ ደረስን። ይህ ዓረፍተ ነገር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ምንጩም የሚያኮራ ነው። በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ አንድ የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ፣ ከ33 ሳምንት በፊት የተወለዱ 497 ሕፃናት የተሳተፉበት ሙከራ ተደረገ። ገና ያልጎለበተ ቆዳቸው ጀርም በቀላሉ የሚያስገባ ነው። በሱፍ አበባ ዘይት የታሹት፣ ካልታሹት ይልቅ በሆስፒታል ውስጥ ኢንፌክሽን የመያዝ ዕድላቸው በ41 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ላንሴት ላይ ታተመ። ከሦስት ዓመት በኋላ በታተመው ደግሞ የሞት መጠኑም በሱፍ አበባ ዘይት በ26 በመቶ ቀንሶ ታየ።

ደስ ይላል። ግን ማስታወቂያዎቹ የማይነግሯችሁ አለ። በዚያው ሙከራ ሦስተኛ ቡድን ነበር፤ ከፔትሮሊየም የተሠራ ቅባት የተቀባ። የዚህ ቡድን ሞት በ32 በመቶ ቀንሷል! ያ «ተፈጥሯዊ አይደለም» ተብሎ የሚሰደበው የቫዝሊን ዘመድ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ሙከራዎች አንድ ላይ ሲገመገሙ ደግሞ፣ ቅባት ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ከኢንፌክሽንና ከሞት ይታደጋል የሚለው ማስረጃ እርግጠኝነቱ ዝቅተኛ ሆኖ ተገኝቷል።

ጊዜያቸውን ጠብቀው ስለተወለዱ ጤነኛ ሕፃናትስ? እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የማንቸስተር ሙከራ 115 አራስ ሕፃናትን ለሦስት ከፈለ፦ የወይራ ዘይት፣ የሱፍ አበባ ዘይት፣ ምንም። ከአራት ሳምንት በኋላ በሁለቱም ዘይት የተቀቡት ቆዳቸው ረጠብ ብሎ ነበር። ነገር ግን ያ «ሲሚንቶ» ያልነው የቅባት ድርድር፣ ምንም ካልተቀቡት ሕፃናት ያህል አልተደራጀም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ፣ 1,394 ሕፃናት የተሳተፉበት የእንግሊዝ ሙከራም አለ። በየቀኑ ቅባት መቀባት በዘር የሚመጣ የቆዳ አለርጂ እንዳይጀምር ይከላከል እንደሆነ መረመረ። አልተከላከለም።

ዘይት ሁሉ አንድ አለመሆኑን የሚያሳይም አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የሼፊልድ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት የወይራ ዘይት የአዋቂዎችን ቆዳ ግድግዳ ሲያዳክም፣ የሱፍ አበባ ዘይት ግን ግድግዳውን አልነካውም። ይህ የሊኖሌይክን ሐሳብ ይደግፋል፤ ኑግንም ተስፋ የሚሰጠው ነው። ነገር ግን አስተውሉ፦ እስካሁን ከጠራኋቸው ሙከራዎች አንዱም የተሠራው በኑግ ዘይት አይደለም። «በሳይንስ የተረጋገጠ» የሚለው ማኅተም የጎረቤት ነው። ኑግ የሱፍ አበባን ዲግሪ ተውሶ ሥራ እያመለከተ ነው።

ለተማሪዬ የመለስኩላት እንዲህ ነው። ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆዳው መላጡ አብዛኛውን ጊዜ የተለመደ ነው፤ ማኅፀን ውስጥ ውሃ ውስጥ የኖረ ቆዳ ከአየር ጋር እየተዋወቀ ነው። ምንም ሳይቀባ ያልፋል። ይሄን ዘይት አትቀቡት፤ በተለይ እትብቱ ላይ ዘይትም ቅቤም አይነካ። ቆዳው ከቀላ፣ ውሃ ከቋጠረ፣ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ካለው ወይም ጡት እምቢ ካለ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። «እናቴ ቅቤ ልትቀባው ነበር እኮ» አለችኝ። እናትየው የመጣችበት ልማድ ነው፤ በፍቅር ነው። ልጅቷ ይሄን ለእናቷ በፍቅር ታስረዳለች ብዬ አምናለሁ።

አዲሱ ጽሑፍ

ግምገማ አፍርሶ ብቻ መሄድ የለበትም። ስለዚህ ከተማሪዬ ጋር ቁጭ ብለን ወረቀቱን እንደገና ጻፍነው፦

«የኑግ ዘይት፣ ለደረቅ ቆዳ ማለስለሻ። ኑጉ የበቀለው ቆጋ አካባቢ ነው። ታምሶ፣ ተወቅጦ፣ በሙቅ ውሃ የወጣ። ሽቶና ቀለም የለውም። የወጣበት ቀን፦ ____። የፐሮክሳይድ መጠን፦ ____። ከብርሃንና ከሙቀት አርቁ፤ የቆየ ዘይት ከሸተተ ጣሉት። መጀመሪያ ክንዳችሁ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጥቂት ቀን ሞክሩት፤ ካሳከካችሁ ተዉት። ለአራስ ሕፃናት፣ ለቁስልና ለፀሐይ መከላከያነት አይደለም።»

አንብባው ትንሽ ዝም አለች። «መምህር፣ ይሄን ማን ይገዛል?» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ ጥያቄው ከባድ ነው። ጎኑ የሚቀመጠው ሌላ ጠርሙስ «ብጉር ያጠፋል» ሲል የእሷ «ካሳከካችሁ ተዉት» ይላል። እውነት የተናገረ በገበያ የሚከስር ከሆነ ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም። የእኛም የገዢዎቹ ነው፤ ቃል ስለሚያጓጓን። የተቆጣጣሪውም ነው፤ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኮስሜቲክስንም እንዲቆጣጠር ኃላፊነት ተሰጥቶታል። የእኛ የመምህራኑም ነው። ስለ ኑግ ምርት፣ ስለ ዘይቱ መጠንና ስለ ተባዩ ስናጠና ኖረን፣ ቆዳው ላይ ሲቀባ ምን እንደሚሆን ለመለካት ስንዘገይ፣ ክፍተቱን ማስታወቂያ ሞላው።

ግን አንድ ነገር አስቡ። ኑግ ብዙ ምርት የሚሰጥ ሰብል አይደለም። አበባው በራሱ ዱቄት አይፀንስም፤ ንብ ከሌላ ተክል ማምጣት አለባት። ቆጋ ላይ ደግሞ ባሕር ዛፉም፣ የመስኖ ስንዴውም መሬት ይሻማዋል። ገበሬው ኑግ መዝራቱን የሚቀጥለው ዘይቱ ዋጋ ካገኘ ነው። በውሸት የተገኘ ዋጋ አንድ ሕፃን ቆዳው የተቆጣ ዕለት ይወድቃል፤ ያኔ ሰው «ውሸታም ጠርሙስ» አይልም፣ «የኑግ ዘይት ክፉ ነው» ነው የሚለው። የማስታወቂያው ዕዳ ሰብሉ ላይ ይለጠፋል። ኑግ ምን በደለ?

እናንተም ከዛሬ ጀምሮ አንድ ነገር ሞክሩ። ከአንድ ዘይት ሁለት ብልቃጥ ሙሉ። አንዱን ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ፣ ሌላውን ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ። ከወር በኋላ ክፈቱና አሽትቱ፤ ልዩነቱን ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉ። ከዚያ ሱቅ ስትሄዱ የቆዳ ዘይት ጠርሙስ አንሱና ሦስት ነገር ፈልጉ፦ መቼ ወጣ? እንዴት ወጣ? «ተረጋግጧል» የሚለው በየትኛው ዘይት፣ በማን ቆዳ ላይ ነው?

ተማሪዬ ክፍት የቀሩትን ሁለት መስመሮች ለመሙላት ወስናለች። የፐሮክሳይዱን መጠን ለመለካት ናሙናዋን ይዛ ወደ ኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ትሄዳለች። ጠርሙሱንም ወደ ቡናማ ቀይራለች።